የኮምፒዩተር ጥበቃ በምን ሚዛን ይመዘናል?

በደባርቅና በዳባት ገበያ ገብስ የሚገዛ ነጋዴ ሻጩ «መልካም ነው» ስላለው ብቻ ገንዘቡን አይቈጥርም፤ ከጆንያው ዘግኖ ያያል፥ በሚዛንም ያስመዝናል። ዛሬ ሂሳባችንን የሚይዙት ኮምፒዩተሮች ግን ተዘግነው አይታዩም። ታዲያ ጥበቃቸው የጸና መሆኑን በምን እናውቃለን?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን መመዘኛ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1983 ያወጣው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ነው። መመዘኛው ከልባሱ ቀለም የተነሣ «ብርቱካናማው መጽሐፍ» ተባለ፤ ደረጃዎቹም ከዝቅተኛው «ዲ» እስከ ከፍተኛው «ኤ1» ነበሩ። ይሁን እንጂ ይበልጡን የተዘጋጀው ለጦር ምሥጢር ነበር። ነጋዴ ደግሞ ምሥጢሩ እንዲጠበቅለት ብቻ ሳይሆን ሂሳቡም ያለ ፈቃዱ እንዳይለወጥበት ይሻል። ከዚህም በላይ ምርመራው ብዙ ጊዜ ስለሚፈጅ፥ ምስክር ወረቀቱ እስኪደርስ ዕቃው የሚያረጅበት ጊዜ ነበር።

በ1990 ፈረንሳይ፥ ጀርመን፥ ኔዘርላንድስና ብሪታንያ የራሳቸውን የጋራ መመዘኛ አወጡ። አንድ ዕቃ በየአገሩ እንደ አዲስ መመርመሩ ለሻጭም ለገዢም ኪሳራ ስለ ሆነ፥ የኤውሮፓና የሰሜን አሜሪካ መንግሥታት ተባብረው በ1996 «የጋራ መስፈርት» የተባለውን አዘጋጁ፤ በ1999 በቍጥር 15408 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ።

በአገራችን የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ በ1999 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 808ም እንደገና ተደራጀ። ዛሬ አስተዳደር ይባላል። ኢትዮጵያም በጋራ መስፈርት የተሰጠውን ምስክር ወረቀት ለመቀበል የሚያስችለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ፈርማለች።

እዚህ ላይ አስመጪው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ከ1 እስከ 7 ያለው ደረጃ የምርመራውን ጥልቀት እንጂ የዕቃውን ብርታት አይለካም። ወረቀቱም የሚመሰክረው ለተመረመረው እትም ብቻ ነው፤ ዕቃው ከተለወጠ ምስክርነቱ አብሮት አይሄድም። ለውጥ የሚያስከትለውን አደጋ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አይተናል፦ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ባወጡ ጊዜ፥ ባንኩ የነገሩ ምክንያት የውጭ ጥቃት ሳይሆን በሥርዓቱ ማሻሻያ ጊዜ የተፈጠረ ችግር መሆኑን አስታውቋል።

ስለዚህ ክቡራን አስመጪዎችና ባለሱቆች ሆይ፥ የሂሳብ መሣሪያ ስትገዙ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የተመረመረው የትኛው እትም ነው? ለምን ዓይነት ሥራ ተመረመረ? ከተመረመረ ወዲህስ ምን ተለወጠ? ሻጩ ለእነዚህ መልስ ከሌለው፥ ወረቀቱ ማኅተም ቢኖረውም ዋጋውን ከመክፈል በፊት ማሰብ ይገባል።