ከጥርስ ሐኪም ባሻገር፦ የመንጋጋ ቀዶ ሐኪምን መቼና እንዴት እንፈልግ?

አንድ ማለዳ የሜካኒክስ ቤተ ሙከራ በምንመራበት ሰዓት፣ ከተማሪዎቻችን አንዱ ጉንጩን በሻርፕ ጠቅልሎ ከጥግ ተቀምጦ አየነው። ብንጠይቀው በእጁ ምልክት ከመስጠት በቀር መናገር ተሳነው። ለአሥር ቀናት ያህል ቅርንፉድ ሲነክስና ከመድኃኒት ቤት በራሱ ፈቃድ የገዛውን ማስታገሻ ሲውጥ ሰንብቷል። በመካከሉ የሄደበት አንድ ክሊኒክም ኪኒን ሰጥቶ አሰናበተው እንጂ ራጅ አላነሣውም፤ ወዴት መሄድ እንዳለበትም አልነገረውም።

ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ይዘነው ስንሄድ፣ ተረኛዋ ነርስ ሦስት ጣቶቹን ደራርቦ በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሶቹ መካከል እንዲያስገባ አዘዘችው። ጤነኛ አዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ማድረግ ይችላል። የእሱ አፍ ግን ከአንድ ጣት በላይ አላስገባም። ነርሷ ጊዜ ሳታጠፋ ደብዳቤ ጽፋ ወደ ሆስፒታል ላከችው፤ በዚያው ሌሊት መግሉ በቀዶ ሕክምና ወጣ፣ የታመመው ጥርስም ተነቀለ። ድኖ ሲመለስ «መምህር፣ እንዲህ ያለ ሐኪም መኖሩን ቀድሞ ማን ነገረኝ?» አለን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን የእሱ ጥያቄ ነው።

ማን ምን ያክማል?

የጥርስ ሐኪም የተቦረቦረን ጥርስ ይሞላል፣ ድድን ያክማል፣ የማይድነውን ጥርስ ይነቅላል። የአብዛኛው ሰው ችግርም በዚሁ ይፈታል። የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም፣ በተለምዶ «ማክሲሎፋሻል» የሚባለው፣ ከዚህ በላይ ለተጨማሪ ዓመታት ሠልጥኖ በአጥንት፣ በነርቭና በፊት ሥጋ ላይ ቀዶ ሕክምና የሚያደርግ ባለሙያ ነው። በእንግሊዝ አገር እንዲያውም የጥርስ ሕክምናንና የሰው ሕክምናን ሁለቱንም ዲግሪዎች መያዝ ይጠበቅበታል። የመንጋጋ ስብራት፣ በአጥንት ውስጥ ተቀብሮ የቀረ ጥርስ፣ የመንጋጋ እጢ፣ የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ፣ እንዲሁም ወደ አንገት የሚወርድ የጥርስ መግል የእሱ ድርሻ ናቸው።

ለመሆኑ የጥርስ መግል ወደ አንገት የሚወርደው እንዴት ነው? የታችኛው መንጋጋ የኋለኞቹ ጥርሶች ሥር፣ የአፍን ወለል ከሠራው ጡንቻ በታች ይደርሳል። ስለዚህ ከሥሩ ጫፍ የሚወጣው መግል ወደ አፍ ሳይሆን ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ይሄዳል። ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ፍሬድሪክ ፎን ሉድቪግ እ.ኤ.አ. በ1836 የገለጸውና በስሙ የሚጠራው ሕመም ይኸው የአገጭ ሥር እብጠት ነው፤ ምላስን ወደ ላይ ገፍቶ የአየር መንገድን እስከ መዝጋት ይደርሳል።

የሜካኒክስ ሕግ በመንጋጋችን

ውድ አንባብያን፣ ጣታችሁን ከጆሯችሁ ፊት አድርጋችሁ አፋችሁን ክፈቱና ዝጉ። የሚንቀሳቀሰው መገጣጠሚያ የአንድ ማንሻ መዞሪያ ነጥብ ነው። የማኘኪያው ጡንቻ ከዚህ ነጥብ 3 ሴንቲ ሜትር ርቆ በ600 ኒውተን ኃይል ይስባል እንበል። 6 ሴንቲ ሜትር ርቆ በሚገኝ የመንጋጋ ጥርስ ላይ የሚደርሰው ኃይል 300 ኒውተን፣ 10 ሴንቲ ሜትር በሚርቀው የፊት ጥርስ ላይ ደግሞ 180 ኒውተን ይሆናል። ቆሎን በፊት ጥርሳችን ሳይሆን በመንጋጋ ጥርሳችን የምንቆረጥመው በዚሁ ምክንያት ነው።

አጥንቱ ሲሰበር ግን እነዚሁ ጡንቻዎች ስብርባሪዎቹን በየአቅጣጫው ይጎትቷቸዋል። ስንነክስ የታችኛው መንጋጋ እንደታጠፈ ማስመሪያ ነው፤ የላይኛው ጠርዙ ይለጠጣል፣ የታችኛው ይጨመቃል። ፈረንሳዊው ማክሲም ሻምፒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህን አጥንተው፣ ትንሽ የብረት ሳህን በሚለጠጠው በኩል ቢታሰር ስብራቱን ለመያዝ እንደሚበቃ አሳዩ። በመሆኑም ብዙ ስብራት ዛሬ በአፍ ውስጥ በኩል፣ ፊት ላይ ጠባሳ ሳይተው በቲታኒየም ሳህን ይጠገናል። ከአደጋ በኋላ ጥርሶቻችሁ እንደ ቀድሞው ካልገጠሙ ሕመሙ ቢቀንስም እንኳ ዝም አትበሉ፤ የስብራት ምልክት ሊሆን ይችላል።

ራጅ የሚያሳየውና የሚሰውረው

ራጅ አጥንትን ከሥጋ የሚለየው በአቶም ቁጥር ልዩነት ነው። ጨረሩ ኃይሉን ለኤሌክትሮን ሰጥቶ የሚዋጥበት ዕድል በግምት ከአቶም ቁጥር ሦስተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። የካልሲየም ቁጥር 20፣ የኦክስጅን 8 ስለሆነ ልዩነቱ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። በመሆኑም አጥንት ነጭ፣ መግል የበላው የአጥንት ክፍል ጥቁር ሆኖ ይታያል።

ነገር ግን ተራ ራጅ ጥልቀት ያለውን አካል በአንድ ገጽ ላይ ይደፈጥጠዋል። ለከንፈር ስሜት የሚሰጠው ነርቭ በታችኛው መንጋጋ ውስጥ ያልፋል፤ ከተቀበረው ጥርስ ፊት ይለፍ ወይም ኋላ በአንድ ምስል መለየት ያስቸግራል። ሐኪሙ አንዳንድ ጊዜ ሲቲ ስካን የሚያዝዘው ስለዚህ ነው። መሣሪያው በሽተኛን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ሲሆን፣ ለፈጠራው ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድና የፊዚክስ ሊቁ አላን ኮርማክ በ1979 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ሐኪሙን ለማግኘት

መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአቅራቢያ ካለ የጥርስ ሕክምና ክፍል ነው። ከዚያ ምርመራውንና የተሰጠውን መድኃኒት የሚገልጽ የሪፈር ወረቀት ጠይቁ፤ ራጃችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። በአገራችን እንዲህ ያሉ ሐኪሞች በአብዛኛው የሚገኙት በትልልቅ ሆስፒታሎች ነው፤ በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ለዚህ ምሳሌ ነው። በበር ላይ የተጻፈ «ስፔሻሊስት» የሚል ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሐኪሙ የሙያ ፈቃዱን ያገኘው በየትኛው ዘርፍ ነው? ቀዶ ሕክምናው ቢቀር ምን ይከተላል? ማደንዘዣውን የሚሰጠው ማን ነው? ወጪውስ ስንት ነው? ብሎ መጠየቅ ድፍረት ሳይሆን የታካሚ መብት ነው።

ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ ያለ ምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስ፣ የከንፈር መደንዘዝና እያደገ የሚሄድ እብጠት ሳይዘገይ መመርመር አለባቸው። አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ካስቸገረ፣ አገጭ ሥር ወይም አንገት ካበጠ፣ እብጠቱ ወደ ዓይን ከወጣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ሪፈርም ቀጠሮም አይጠበቅም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው።

ያ ተማሪያችን ዛሬ ተመርቆ መምህር ሆኗል። በክፍሉ ጉንጩን የያዘ ተማሪ ሲያይ አስቀድሞ ሦስት ጣቶቹን እንዲደራርብ እንደሚጠይቀው አጫውቶናል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ይህን ነው።