እንቢ ያለች መብራት
ልጆች በቤት ስለሚሠሩት የኤሌክትሮኒክ ሥራ ለወላጆች የተሰጠ ምክር

ልጅ ባለበት ቤት፤ በመሳቢያ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ፤ ያለቀ ባትሪ፤ ከተሰበረ ራዲዮ የተነቀለ ቍራጭ ዕቃ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። አንዳንዱ አባት ይህን ባየ ጊዜ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብሎ ሁሉንም አስጠርጎ ያስጥላል። ሌላው ደግሞ የልጁን ትጋት አይቶ ደስ ይለውና የሚያስፈልገውን ይገዛለታል፤ ነገር ግን ልጁ የሠራው ነገር እንቢ ባለ ቀን በምን እንደሚረዳው ይጨነቃል። ይህም ጭንቀት እንደ ቀላል የሚቈጠር አይደለም። ሁለትና ሦስት ማታ የደከመባት መብራት ሳትበራ የቀረችበት ልጅ ረዳት ካላገኘ፤ ዕቃውን ወደ መሳቢያው መልሶ «ይህ ሥራ ለእኔ አልተፈጠረም» ማለት ይጀምራል። ልጅን ለመርዳት ግን መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ በትክክል መጠየቅና በመለኪያ ማረጋገጥ ይበቃል።

ነገሩ እንዲገለጥ፤ በየአገሩ ጀማሪዎች የሚሠሯትን ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ መብራት ምሳሌ እናድርግ። የዚህች መብራት ልብ ቍጥሩ 555 የሚባል፤ ስምንት እግር ያለው ጥቁር አይሲ ነው። አይሲ ማለት ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች በአንድ ቅርፊት ውስጥ የታጨቁበት ዕቃ ነው። ይህን 555 በ1971 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የቀየሰው ሐንስ ካመንዚንድ የተባለ የስዊስ ተወላጅ መሐንዲስ ሲሆን፤ ሲግኔቲክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ1972 ለገበያ አወጣው። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም ይሸጣል።

አሠራሩ ከምንጭ ሥር እንደ ተቀመጠ እንስራ ነው። ካፓሲተር የሚባለው የኮረንቲ ማጠራቀሚያ በሁለት ሬዚስተሮች በኩል ቀስ እያለ ይሞላል። የሞላው መጠን ከባትሪው ቮልት ሁለት ሦስተኛ በደረሰ ጊዜ አይሲው መብራቷን አጥፍቶ ያፈስሰዋል፤ ወደ አንድ ሦስተኛ በወረደ ጊዜ ደግሞ መብራቷን አብርቶ እንደ ገና እንዲሞላ ይለቀዋል። አንደኛው ሬዚስተር ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ 7ኛው እግር፤ ሁለተኛው ከ7ኛው ወደ 6ኛው ይገባል። 6ኛውና 2ኛው እግር አንድነት ታስረው፤ ካፓሲተሩ ከእነርሱ ወደ ኔጋቲቭ ይወርዳል። 8ኛውና 4ኛው እግር ከፖዘቲቭ፤ 1ኛው ከኔጋቲቭ ጋራ ይታሰራሉ። መብራቷ ከ3ኛው እግር ላይ ናት፤ 5ኛው ለዚህ ሥራ ባዶውን ቢቀር ግድ የለም።

መብራቷ በየሴኮንዱ አንድ ጊዜ እንድትበራ የሚፈልግ ልጅ፤ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት በወረቀት ላይ ያስላ። የሁለተኛውን ሬዚስተር መጠን እጥፍ አድርጎ ከአንደኛው ጋራ ይደምር፤ በካፓሲተሩ መጠን ያባዛ፤ እንደ ገና በ0.693 ያባዛ። አንደኛው 1,000 ኦም፤ ሁለተኛው 68,000 ኦም፤ ካፓሲተሩ 10 ማይክሮፋራድ ቢሆን፤ ድምሩ 137,000 ሆኖ ውጤቱ 0.95 ሴኮንድ ይሆናል። ለመብራቷም ገቺ ሬዚስተር ያስፈልጋታል። ቀይ ኤል ኢ ዲ ራሷ 2 ቮልት ያህል ስለምትወስድ ከ9 ቮልት 7 ይተርፋል፤ 10 ሚሊ አምፔር እንዲያልፍባት ከተፈለገ 7 ለ0.01 ሲካፈል 700 ኦም ነው፤ በገበያ የሚገኘውና ለዚህ የሚቀርበው 680 ነው። አይሲው ለራሱ ከአንድ ቮልት በላይ ስለሚያስቀር ብርሃንዋ ከሒሳቡ ጥቂት ይደክማል እንጂ አትጐዳም።

እንግዲህ ሁሉም ታስሮ መብራቷ እንቢ ብትል ምን ይደረግ? ልጆች በዚህ ጊዜ «አይሲው ተቃጥሏል» ብለው ፈጥነው ይፈርዳሉ፤ ሌላም እንዲገዛላቸው ይለምናሉ። በእኛ አስተያየት ግን አይሲው ከተከሳሾቹ ሁሉ መጨረሻ ሊጠየቅ የሚገባው ነው። ወላጅ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ምን እንዲሆን ጠብቀህ ነበር? ምን አየህ? በመጨረሻ የለወጥኸው ምንድን ነው? ልጁ «አይሠራም» ብሎ ቢመልስ አይቀበለው። ሐኪም ፊት ቀርቦ «አሞኛል» ብቻ እንደሚል በሽተኛ ነውና። ጭራሽ አለመብራት፤ በርቶ አለመጥፋት፤ አንድ ጊዜ በርቶ ዝም ማለት፤ ሦስቱም የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

ጭራሽ ካልበራች ምርመራው ከባትሪው ይጀምር። የመለኪያውን ጥቁር ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርጎ፤ ቀዩን ጫፍ በመጀመሪያ በፖዘቲቩ ላይ፤ ቀጥሎ በአይሲው 8ኛ እግር ላይ ማሳረፍ ነው። ልኬቱ ባትሪው ከሥራው ጋራ እንደ ተያያዘ ይሁን፤ ያረጀ ባትሪ ብቻውን ሲለካ ደኅና መስሎ፤ ሥራ ሲጫንበት ይወድቃልና። ባትሪው ላይ 9 ቮልት ተነብቦ 8ኛው እግር ላይ ምንም ከሌለ ጥፋቱ በመካከል ነው፤ ሌላውን ሁሉ መነካካት ከንቱ ድካም ነው። በብዙዎቹ የሙከራ ሰሌዳዎች ላይ በዳር የተዘረጋው ረጅም መሥመር መካከሉ ላይ የተቈረጠ መሆኑን ብዙ ጀማሪ አያስተውልም። ሁለት የ1.5 ቮልት ባትሪ ብቻ የሰጠውም ልጅ አለ፤ ተራው 555 ከ4.5 ቮልት በታች እንዲሠራ አልተዘጋጀም። አይሲው ተገልብጦ መሰካቱም ይታይ፤ የተሰነጠቀችው ምልክት ወደ ላይ ስትሆን 1ኛው እግር በግራ ነው፤ ቍጥሩም በግራ ወርዶ በቀኝ ይወጣል።

መብራቷ በርታ የማትጠፋ ከሆነች ግን ነገሩ ይረቃል። ካፓሲተሩ ላይ 103 ተብሎ ተጽፎ እንደ ሆነ መጠኑ 10 ናኖፋራድ ነው፤ ይህም ከታሰበው አንድ ሺህኛ ማለት ነው። ስለዚህ መብራቷ በሴኮንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ትበራለች፤ ዓይናችን ግን ያለ ማቋረጥ የበራች ያስመስላታል። ልጁ በጨለማ ውስጥ ሰሌዳውን ይዞ ፈጥኖ ቢያወዛውዛት የተቈራረጠ የብርሃን መሥመር ያያል። መለኪያ የማያስፈልገው እንደዚህ ያለ ምርመራ ልጅን እጅግ ደስ ያሰኛል።

ሳይዘነጋ የሚጠበቅ አንድ ወሰን አለ። የ9 ቮልት ባትሪ የልጅን እጅ አይመታም፤ በግድግዳችን ያለው 220 ቮልት ግን ይገድላል። ከግድግዳው ተነቅሎ የቈየ የቴሌቪዥን ወይም የኃይል ሰጪ ዕቃ እንኳ በካፓሲተሩ ውስጥ ኮረንቲ ይዞ ስለሚቈይ፤ ልጅ ብቻውን አይክፈተው። የስልክ ባትሪም ሲበሳ እሳት ያነሣል። እርሳስ ባለበት ማጣበቂያ የሚበይድ ልጅ መስኮት ይክፈት፤ ከምግብ በፊት እጁን ይታጠብ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መብራቷ አሁንም እንቢ ብትል፤ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ነውር የለበትም። ወላጅ ሽቦውን ተቀብሎ ራሱ አይጠግንለት፤ ይልቁን ልጁ የመጠየቂያውን ወረቀት እንዲያዘጋጅ ያድርገው። በወረቀቱ ላይ የአገናኘበትን ሥዕል፤ የእያንዳንዱን ሬዚስተርና ካፓሲተር መጠን፤ በስምንቱም እግር ላይ የተነበበውን ቮልት በየቍጥሩ ይጻፍ። በ9 ቮልት ደኅና በምትሠራ መብራት 2ኛውና 6ኛው እግር በ3 እና በ6 ቮልት መካከል ሲወጡና ሲወርዱ ይታያል። ከዚህ የተለየ ቍጥር የተጻፈበትን ወረቀት ዐዋቂው ባየ ጊዜ፤ ሰሌዳውን ሳይነካ ጥፋቱ በየትኛው ሽቦ ዘንድ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ያመለክታል።