ቁልፉ ሲዞር የሚበሩት መብራቶች

ቁልፉን አዙሩና ሞተሩን ሳታስነሡ ትንሽ ጠብቁ። ዳሽቦርዱ በቀይና በቢጫ መብራት ይሞላል። መኪናው የገዛ ምልክቶቹን እየፈተሸ ነው። አብዛኞቹ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይጠፋሉ፤ የዘይቱና የባትሪው ግን ሞተሩ እስኪነሣ ይቆያሉ። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከቀለሙና ከጎማው በፊት ይህችን ቅጽበት ቢያይ እመርጣለሁ። ያኔ ጨርሶ ያልበራ ምልክት ካለ፣ አምፖሉ ተቃጥሎ ወይም ብልሽት ለመደበቅ ሆን ተብሎ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል።

ቀይ ሲበራ ቆሞ ማየት፣ ቢጫ ሲበራ ሳይውል ሳያድር ማስመርመር ነው። ቢጫው የሞተር ምልክት ብልጭ ድርግም ካለ ግን ነዳጁ በደንብ እየተቃጠለ አይደለምና ፍጥነት ቀንሶ ዳር መያዝ ይሻላል።

ከቀዮቹ ሁሉ በስህተት የሚነበበው ጫፉ ላይ ጠብታ ያለው የዘይት ዕቃ ነው። ብዙ ሰው «ዘይት ጎደለ» የሚል ይመስለዋል። የሚጠቁመው ግን የዘይቱን ግፊት እንጂ መጠኑን አይደለም። ግፊቱ ሲወድቅ ዘይት ወደ ኩሽኔታዎቹ በወጉ አይደርስም፤ ብረት ከብረት ይፋጫል። «ጋራዡ ቅርብ ነው፣ እስከዚያ ልንዳው» የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም። ወዲያው ሞተሩን አጥፍቶ ዘይቱን በመለኪያው ዘንግ ማየት፣ ዘይቱ ሙሉ ሆኖ መብራቱ አልጠፋ ካለም ማስጎተት ነው። የመጎተቻው ዋጋ ሞተር ከማስወረድ ጋር አይወዳደርም።

በብዙ ቪትዝ መኪኖች ላይ የሙቀት መለኪያ ቀስት የለም። ጠዋት የምትበራው ሰማያዊ ቴርሞሜትር ሞተሩ ገና እንዳልሞቀ ትናገራለች። ቀይ ከሆነች ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሏል፤ ቁሙ፣ አጥፉ፣ ሳይበርድም የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነኩ።

ከመብራቶቹ ሌላ፣ ከሚጫኑት ቁልፎች ደግሞ አየሩን መኪናው ውስጥ የሚያዞረው ከከባድ መኪና ጭስ ያድናል፤ በክረምት ዝናብ ግን እሱው መስታወቱን በጉም ይሸፍነዋል። ያኔ አጥፍቶ ኤሲውን መክፈት ነው፤ ኤሲ አየሩን ያደርቃል።

በቆዩ አውቶማቲክ መኪኖች የማርሽ እጀታ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ስትጫኑ «ኦዲ ኦፍ» የሚል መብራት ይበራል። ብልሽት አይደለም፤ አራተኛው ማርሽ ተከለከለ ማለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞ ፍሬኑን ከመጋል ያድነዋል። ደጀን ወጥታችሁ ሜዳውን ስትይዙ መልሳችሁ ተጫኑት፤ መብራቱም ይጠፋል።