ከግድግዳ ውሃ የሚያወጣው ማሽን

ጎርፍ የገባበት ቤት ውሃው ተቀድቶ ወለሉ ሲወለወል የዳነ ይመስላል። ግድግዳው ግን ገና ውሃ እንደያዘ ነው። የጂፕሰም ግድግዳ ጎርፉ ከደረሰበት መስመር አልፎ ውሃውን ወደ ላይ ይስባል፤ ከጀርባው ያለው እንጨትና ኢንሱሌሽንም ይረጥባል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚለው የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከደረቀ በአብዛኛው ሻጋታ አያበቅልም። ከዚያ ካለፈ ሻጋታው የጂፕሰሙን ወረቀት እየበላ ይስፋፋል፤ አስምና አለርጂ ያለበትን ሰው ክፉኛ ያስቸግራል።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በቤዝመንት ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 የአይዳ አውሎ ነፋስ ርዝራዥ ያመጣው ዝናብ የሮክቪልን አፓርትመንቶች ምድር ቤት አጥለቅልቆ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። በእንዲህ ያለ ቤት የሚኖር ሰው በቅርብ ሊያውቀው የሚገባ ማሽን ዲሂዩሚዲፋየር ይባላል።

ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1902 በብሩክሊን አንድ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ በእርጥበት እየሰፋና እየጠበበ የኅትመቱ ቀለም ይዛነፍበት ነበር። የ25 ዓመቱ መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር አየሩን በቀዝቃዛ ቱቦዎች ላይ እያሳለፈ እርጥበቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ ነደፈለት። ዘመናዊው ኤር ኮንዲሽነር የተወለደው ከዚያ ነው፤ ዲሂዩሚዲፋየርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ማራገቢያው የክፍሉን አየር ስቦ በቀዝቃዛ ቱቦዎች ላይ ያሳልፋል። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ እንደሚያልበው ሁሉ፣ በአየሩ ያለው ተን ቱቦው ላይ ውሃ ሆኖ ወደ ባልዲው ይንጠባጠባል። አየሩ ከዚያ በሞቀ ቱቦ አልፎ ደርቆ ይመለሳል። ማሽኑ የሚያደርቀው አየሩን እንጂ ግድግዳውን አይደለም፤ አየሩ ሲደርቅ ግን ግድግዳው የያዘውን ውሃ ይለቅለታል። አሜሪካ ውስጥ 50 ፓይንት ተብሎ የሚሸጠው በቀን እስከ 24 ሊትር ገደማ ያወጣል፤ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ግን ጉልበቱ ይቀንሳል።

ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት መሠራት ያለበት አለ። ውሃ በቆመበት ክፍል ኤሌክትሪክ ሳይቋረጥ አይገባም። የረጠበ ምንጣፍ ይውጣ፤ ዞኮሎው ይነቀል። የገባው የወንዝ ወይም የፍሳሽ ውሃ ከሆነ ጂፕሰሙ ውሃው ከደረሰበት መስመር 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆረጥ፤ የረጠበው ኢንሱሌሽንም ይጣል። ይህን የሚሠራ ሰው ጓንትና ማስክ ያድርግ።

ከዚያ በኋላ መስኮቱን መዝጋት ነው። የዋሽንግተን የበጋ አየር ራሱ እርጥብ ስለሆነ፣ መስኮት ከፍቶ ማሽኑን ማስነሳት የውጭውን እርጥበት ለማድረቅ መድከም ነው። ቬንትሌተር ወደ ግድግዳው ዞሮ ይንፈስ። በትንሽ ዋጋ የሚገዛ የእርጥበት መለኪያ የአየሩን እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ካሳየ ሥራው በትክክል እየሄደ ነው። ግድግዳው ግን በእጅ ሲዳሰስ ስለደረቀ ብቻ ደርቋል አይባልም። ባለሁለት ሹል የግድግዳ መለኪያ አለ፤ በመጀመሪያ ጎርፍ ያልነካውን የዚያው ቤት ግድግዳ ለኩ፤ የረጠበው ግድግዳ ቁጥሩ ከዚያ ጋር ሲስተካከል ደርቋል።

ማሽን በሌለበት አዲስ አበባም ሕጉ አይለወጥም። ብሎኬትም ሆነ ጭቃ ግድግዳ የሚደርቀው አየሩ ሲደርቅ ነው፤ የክረምቱ አየር ግን ይህን አይችልም። ከመስከረም በኋላ የሚመጣው ደረቅ አየር ያለምንም ወጪ የማሽኑን ሥራ ይሠራልናል፤ ያኔ መስኮቱና በሩ ይከፈት፣ ቁም ሳጥኑም ከግድግዳው ይራቅ።

በእርጥብ ግድግዳ ላይ በተለይ የዘይት ቀለም መቀባት ውሃውን ውስጡ ቆልፎ ማስቀረት ነው፤ ሻጋታው ተመልሶ ይመጣል፣ የቀለሙም ገንዘብ ይባክናል። ግድግዳው ሳይደርቅ ቀለም አትግዙ።