ለእናት ቢላዋና ድስት ሲገዛ አስቀድሞ እጃቸውን ማየት

በሃዳር ጋኒም ቤት ለቤት ስዞር ከቁም ሣጥን በላይ የተቀመጠ ካርቶን የማላይበት ቤት ጥቂት ነው። ካርቶኑ ውስጥ 12 ዕቃ ያለው የድስት ስብስብ ወይም በእንጨት ማቆሚያ የተሰካ ቢላዋ አለ። ልጆች ለፔሳሕ ወይም ለሮሽ ሃሻና ከሥራ ቦታቸው በተሰጣቸው ታቭ ገዝተው ያመጡት ነው። ታቩ በነፃ የተገኘ ይመስላል እንጂ በታሉሽ ላይ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ይታሰብበታል። እናት ግን ሦስት ኪሎ ሽንኩርት የሚከትፉት እጀታው በጨርቅ በተጠቀለለ አሮጌ ቢላዋ ነው።

ለምን አዲሱን አይጠቀሙም? አንዳንዶቹ «ለእንግዳ ይሁን» ይላሉ። ብዙዎቹ ግን ዕቃው አይመቻቸውም፤ ልጃቸው እንዳያዝን ብለው ዝም ይላሉ። ልጅ «ምን ልግዛልሽ?» ብሎ ሲጠይቅም መልሱ የታወቀ ነው፦ «ምን አደከማችሁ፣ እናንተ ብቻ ደህና ሁኑልኝ።» ከዚህ መልስ በኋላ ልጁ የሚገዛው በሱቁ በር ላይ በቅናሽ የተደረደረውን ነው።

እናቶችና አባቶች፣ ስለ ብረትና ስለ ድስት ከሻጩ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በጎንደር አካባቢ ማረሻውን፣ ማጭዱንና ቢላዋውን የሚቀጠቅጡት የእኛ አባቶች ነበሩ፤ ድስቱንና ምጣዱን የሚሠሩት እናቶቻችን ነበሩ። የወለቃ ሸክላ እስከ ዛሬ ስሙ ይጠራል። በዚሁ የእጅ ሥራ ምክንያት «ቡዳ» እየተባሉ ተሰድበውበታል። ፋሲካ ሲደርስ አሮጌውን ሸክላ ሰብሮ በአዲስ የሚተካ ቤተሰብ ያሳደጋችሁ ናችሁና ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ የምትፈልጉትን ንገሯቸው።

ከቢላዋው ልጀምር። ከስለታም ቢላዋ ይልቅ የዶለዶመው ነው ሰው የሚቆርጠው። ስለታሙ ሽንኩርቱን በቀላሉ ይገባበታል። የዶለዶመው ግን በኃይል ሲጫኑት ከሽንኩርቱ ቆዳ ላይ ይንሸራተትና ጣት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ስድስት መካከለኛ ቢላዋ ከመግዛት አንድ ጥሩ መግዛት ይሻላል። ለሽንኩርትና ለሥጋ ስለቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ይበቃል። ለቲማቲምና ለዳቦ ደግሞ ትንሽ፣ ጥርስ ያለው ቢላዋ ይጨመር፤ እሱ ርካሽ ነው፣ ግን በቤት ውስጥ አይሳልም። ቁርጥማት ላለበት እጅ እጀታው ወፈር ያለ፣ ሲረጥብ የማያንሸራትት ይሁን። ቀጭንና ለስላሳ እጀታ ለማየት ያምራል እንጂ አጥብቆ መያዝ ይጠይቃል፣ ጣትን ያሳምማል። የሚሻለው እናትን ሱቅ ድረስ ይዞ ሄዶ በእጃቸው እንዲይዙት ማድረግ ነው። ሥጋና ወተት ለሚለይበት ቤት እጀታቸው በቀለም የሚለይ ሁለት ቢላዋ መግዛት ልጅ ልጆችንም ከስህተት ያድናል።

የሩስያ ጎረቤቶቻችን ቢላዋ በስጦታ ሲሰጣቸው ሳንቲም ይከፍላሉ፤ ጠብ እንዳይመጣ ነው ይላሉ። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ እጁ የደነዘዘ ከሆነም መቆረጡን ሳያውቅ ሊቆይ ይችላል። እንደ ኩማዲንና ኤሊኩዊስ ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደሙ ቶሎ አይቆምም። በንጹሕ ጨርቅ አሥር ደቂቃ ሙሉ፣ እየገለጡ ሳያዩ፣ ጫን አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። ካልቆመ ወደ ሕክምና መሄድ ነው። አረፋ በሞላበት ገንዳ ውስጥ ቢላዋ አትተዉ። ሲወድቅ ለመያዝ አትሞክሩ፣ እግራችሁን አሽሹ። ከመክተፊያው ሥር እርጥብ ጨርቅ ብታነጥፉ አይንሸራተትም።

ድስት ላይ ስንመጣ፣ የወጥ ነገር መታሰብ አለበት። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ረጅም ጊዜ ስለሚቁላላ ቂጡ ቀጭን የሆነ ድስት ያሳርረዋል። ኒሮስታ የሚባለው የማይዝግ ብረት ሆኖ ቂጡ ወፍራም የሆነ ይመረጣል። ቴፍሎን ለእንቁላል ጥሩ ነው፤ ባዶውን በኃይለኛ እሳት ላይ መጣድ ግን ጎጂ ጭስ ያወጣል፣ የብረት ጭልፋም ይልጠዋል። ልጆች ምድጃውን ወደ ኢንዱክጽያ ቀይረው ከሆነ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ከድስቱ ቂጥ ጋር ካልተጣበቀ ድስቱ እዚያ ምድጃ ላይ አይሞቅም፤ ሸክላና ተራ አልሙኒየም አይሠሩም።

ክብደቱን ደግሞ ብዙ ሰው አያስብበትም። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። ትልቁ ድስት ስምንት ሊትር ወጥ ከያዘ የራሱን ብረት ሳንቆጥር ስምንት ኪሎ የሚፈላ ነገር ማንሳት ነው። ወገቡን ለሚያመው ሰው በሁለት መካከለኛ ድስት መሥራት ይቀላል። ጆሮዎቹ ሰፊ ሆነው በወፍራም ጨርቅም ሲያዙ የሚመቹ ይሁኑ። ከተቃጠላችሁ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም እንቁላል አትቀቡ፤ 20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ አፍስሱበት። ስኳር ያለበት ሰው ቃጠሎው ትንሽ ቢመስልም ለኩፓት ሆሊም ነርስ ያሳይ።

በጣም የሚያሳስበኝ ቤት ድረስ መጥተው ወይም በስልክ አግባብተው የሚሸጡት ናቸው። ምግብ አብስለው ያቀምሳሉ፣ «ያንቺ ድስት በሽታ ያመጣል፣ ይኼኛው ስኳርና ደም ግፊት ያወርዳል» ይላሉ፣ ከዚያ በብዙ ሺህ ሼቄል፣ በወር በወር የሚከፈል ውል ያስፈርማሉ። ስኳር የሚያወርድ ድስት የለም። ደም ግፊትን የሚነካው ድስቱ ውስጥ የሚገባው ጨው ነው። በዕብራይስጥ የተጻፈውን ውል ልጅ ሳያነበው አትፈርሙ።

የፈረመም ቢሆን ተስፋ አይቁረጥ። ሕጉ 65 ዓመት ለሞላው፣ አካል ጉዳት ላለበትና ከመጣ አምስት ዓመት ላልሞላው አዲስ ገቢ፣ በስልክ ወይም ቤት ድረስ በመጣ ሻጭ ተነጋግሮ የገዛውን በአራት ወር ውስጥ እንዲሰርዝ ይፈቅድለታል። የሌላው ሰው ጊዜ 14 ቀን ነው። ለመሰረዝ የሚቆረጠው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል ነው፣ ከሁለቱ ያነሰው። ስረዛውን በጽሑፍ ላኩ፣ ቅጂውንም አስቀሩ። ከሱቅ የተገዛ፣ ከ50 ሼቄል በላይ የሆነና ያልተጠቀሙበት ዕቃም በ14 ቀን ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ ልጆች ካርቶኑን ሲያመጡ ፔቴክ ሃህላፋ የሚሉትን የመለወጫ ወረቀትና ደረሰኙን አብረው ይስጡ። እናንተም ስጦታውን ቁም ሣጥን ላይ ሳታወጡ በዚያው ሳምንት ከፍታችሁ በእጃችሁ ያዙት፤ ካልከበዳችሁና ከተመቻችሁ እጠቡት፣ ካልተመቻችሁ ሳታጥቡ መልሱት።

አሮጌውን ቢላዋ የምትጥሉ ከሆነ ስለቱን በካርቶን ጠቅልላችሁ በቴፕ እሰሩት። ከረጢቱን የሚያነሳው ሰው ውስጡን አያይም።