የነጭ ባሕር ዛፍ ፍሬ

ሱሉልታ ወይም ቡራዩ ያደገ ሰው ባሕር ዛፍን በአጣናው፣ በፍልጡ፣ ጉንፋን ሲይዘው በሚታጠነው ቅጠሉ ያውቀዋል። ፍሬውን ግን ረግጦት ያልፋል። የሚቆጨኝም ይኸው ነው፤ ዛፉ ነጩ ይሁን ቀዩ በማያሻማ መንገድ የሚነግረን ፍሬው ነውና።

አንድ ጊዜ የአክስቴ ልጅ ከካሊፎርኒያ ስትመጣ በመሐረብ የጠቀለለችውን ፍሬ አውጥታ፣ «ይኼ የኦክ ፍሬ ነው መሰለኝ፤ መናፈሻ ውስጥ ነው ያነሳሁት» አለችኝ። የኦክ ፍሬ ልሙጥ ነው፤ ግርጌው ትንሽ ሲኒ በመሰለ ቅርፊት ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚይዘውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዘር ብቻ ነው። ከሰሃራ በታች ኦክ በተፈጥሮው ስለማይበቅል፣ የማናውቀውን ደረቅ ፍሬ ሁሉ ኦክ ብንል አይፈረድብንም። እሷ የሰጠችኝ ግን ሻካራ ነው፤ አመድማ ዱቄት የለበሰ፣ ጎኑ አራት ጠርዝ ያለው፣ ወርዱ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ። አናቱ ጠፍጣፋ ሆኖ መሐሉ ተሰነጣጥቋል። በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ አሸተትኩት። «እንጦጦ ሞልቶልሽ የለም እንዴ!» አልኳት። (ዘር በሻንጣ ይዞ ድንበር መሻገር ግን ደግ አይደለም፤ ተባይና በሽታ አብሮ ይገባል።)

የነጭ ባሕር ዛፍ አገር ታዝማኒያና ደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ነው። ፈረንሳዊው ላቢያርዲዬር እ.ኤ.አ. በ1792 ታዝማኒያ ላይ አግኝቶት በ1800 ለሳይንስ አስተዋወቀው። እኛ ዘንድ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ዘሩን በማምጣት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ቤተ መንግሥቱ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ እንደነበር አንርሳ፤ ከተማዋ ባለችበት እንድትጸና ካደረጉት አንዱ ይህ ዛፍ ነው። ውኃ ይመጥጣል የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን።

አሁን ወደ ትልቁ ስሕተት ልምጣ። ብዙ ሰው ያንን ደረቅ ፍሬ ራሱን ዘር ያደርገዋል። ከነቅርፊቱ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው ሳምንታት ውኃ ሲያጠጡ የከረሙ አጋጥመውኛል። ፍሬው የዘሩ ቤት እንጂ ዘሩ አይደለም። እንቡጡ ላይ ክዳን አለ፤ አበባው ሲፈነዳ ክዳኑ ተፈንቅሎ ይወድቅና ነጫጭ የአበባ ክሮች ይዘረጋሉ። ከዚያ የግርጌው ክፍል እየጠነከረ ፍሬ ይሆናል። ሲበስልና ሲደርቅ በአናቱ ያሉት አራት ወይም አምስት ስንጥቆች ይከፈታሉ። ነጭ ጨርቅ ላይ አራግፉት፦ ጥቂት ጥቋቁር ቅንጣቶችና ብዙ ቡናማ ገለባ ይወርዳል። የሚበቅሉት ጥቁሮቹ ናቸው፤ ገለባው መካን ነው።

ስለዚህ ከመሬት የሚለቀም ፍሬ ብዙውን ጊዜ አፉ የተከፈተ ባዶ ቤት ነው። ዘር የሚፈልግ ሰው የበሰለውን፣ ገና ያልተከፈተውን ከቅርንጫፉ ይቁረጥና ፀሐይ ላይ ያስጣው፤ ራሱ ይከፈታል። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ የላመ አፈር ባለው መደብ ላይ ይበተናል፤ የሚያለብሱትም ስስ አሸዋ ብቻ ነው። አፈር የሚከምሩበት ችግኝ አፍዪዎች ዘሩን አፍነው ሲያበቁ «ዘሩ የማይረባ ነው» ይላሉ፤ ይህ አያያዝ መቅረት አለበት።

የቀይ ባሕር ዛፍ ፍሬ ፈጽሞ ሌላ ነው። ነጩ ፍሬውን አንድ አንድ እያደረገ ከቅርንጫፉ ሲያጣብቅ፣ ቀዩ ሰባትም አሥራ አንድም በአንድ አገዳ ላይ ያንዠረግጋል፤ እያንዳንዱም ከ1 ሳንቲ ሜትር ያንሳል፤ የፍሬው ከንፈሮች ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ዘሩም ቢጫ ቢጤ ነው። ነጩ እንደ ሱሉልታና እንጦጦ ያለውን ብርድ ይወዳል፤ ቀዩ ዝቅና ሞቅ ያለ ቦታ ይስማማዋል።

ዘር ወይም ችግኝ ስትገዙ «ባሕር ዛፍ ነው» በሚል መልስ ብቻ እሺ አትበሉ። የእናት ዛፉን ፍሬ አሳዩኝ በሉ።