ስለ ፈንግል በሽታና ስለ ዶሮ ክትባት

በአዲስ አበባ መርካቶ የሚባል ታላቅ ገበያ አለ። በዚያ ገበያ እያንዳንዱ ሸቀጥ የየራሱ ተራ አለው ፤ ዶሮ የሚሸጥበትም ስፍራ ዶሮ ተራ ይባላል። የዘመን መለወጫ ፥ የገና ወይም የፋሲካ በዓል በቀረበ ጊዜ ዶሮዎች ከየአገሩ በመኪና ተጭነው ይመጣሉ። ከሩቅ የመጣው ከቅርብ ከመጣው አጠገብ እግሩ ታስሮ ይቀመጣል። በአንድ ቅርጫት ይተነፍሳሉ ፥ ከአንድ ጣሳ ይጠጣሉ። ከነዚህም አንዳንዶቹ ለወጥ ይታረዳሉ ፤ አንዳንዶቹ ግን ሊረቡ ተገዝተው ወደ ሌላ ሰው ግቢ ይሄዳሉ። እንግዲህ ልጆች ሆይ ፥ ከመካከላቸው አንዲቱ ብቻ የታመመች ብትሆን ምን የሚሆን ይመስላችኋል?

በአገራችን ዶሮን ከሚያጠፉት በሽታዎች እጅግ የከፋው ፈንግል ነው። የውጭ አገር ሰዎች ኒውካስል ይሉታል ፤ በ1926 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አጠገብ ታይቶ ነበርና። በሽታው የሚመጣው ቫይረስ ከሚባል በዓይን ከማይታይ ረቂቅ ነገር ነው። የታመመች ዶሮ መብል ትተዋለች ፥ ላባዋን ታቆማለች ፥ አፍዋን ከፍታ በጭንቅ ትተነፍሳለች ፥ ኵስዋም አረንጓዴ ይሆናል። አንዳንዲቱ አንገትዋ ይጠመዘዛል ፥ ክንፍዋም ይልፈሰፈሳል። ክፉው ዐይነት ከገባ በጥቂት ቀን ውስጥ የግቢውን ዶሮ ሁሉ ይፈነግላል። ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

ቫይረሱ በዶሮዋ ኵስና ከአፍንጫዋ በሚወጣው ፈሳሽ ይወጣል። ከዚያም በቅርጫት ፥ በውኃ ማጠጫ ፥ በሰው ጫማና እጅ ተጣብቆ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፋፋው የሰው ሥሥት ነው። አንዳንድ ሰው ከዶሮዎቹ ሁለቱ ወይም ሦስቱ በሞቱ ጊዜ ፥ «የቀሩት ሳይሞቱብኝ ልሽጣቸው» ብሎ ወደ ገበያ ይሮጣል። እርሱ ጥቂት ብር ያገኛል ፤ የገዛችው ድኻ ሴት ግን ያችን ዶሮ ከራስዋ ዶሮዎች ጋራ ትቀላቅላለች ፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ለልጆችዋ ደብተር መግዣ እንቍላል የሚጥሉላት ሁሉ ያልቃሉ። ይህ ሰው በእጁ አልሰረቀም ፤ ነገር ግን ከሌባ በምን ይሻላል?

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ፥ የዚህ በሽታ መድኃኒቱ አስቀድሞ መከተብ ነው። ክትባት ማለት የደከመውን ወይም የሞተውን የበሽታ ተሐዋሲ ለጤነኛ አካል መስጠት ነው። አካሉም ጠላቱን ያውቀዋል ፤ እውነተኛው በሽታ በመጣ ጊዜም ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ሉዊ ፓስተር የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ በ1880 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ይህን ጥበብ ለዓለም የገለጠው በዶሮ ላይ ፈትኖ ነው። በአገራችንም በቢሾፍቱ ከተማ በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመ የእንስሳት ክትባት መሥሪያ አለ ፤ የፈንግልም ክትባት በዚያ ይሠራል።

አከታተቡም እንዲህ ነው። ባለሙያው ለጫጩቱ በመጀመሪያው ሳምንት በዓይኑ አንዲት ጠብታ ያንጠባጥብለታል። ጥቂት ሳምንት ቈይቶ በዓይን ወይም በሚጠጣ ውኃ ይደገማል። በቤት የሚኖሩትም ዶሮዎች በየ3 ወይም በየ4 ወሩ ሊደገምላቸው ይገባል። ክትባቱ ሙቀት ያበላሸዋልና በበረዶ ተይዞ ይሄዳል። በቧንቧ ውኃ የሚጨመረው ክሎሪንም ያጠፋዋል ፤ ስለዚህ ንጹሕ የጉድጓድ ወይም የምንጭ ውኃ ይሻላል። የሚከተቡት ጤነኞቹ ናቸው ፤ ለታመመችው አይረባትም። የተከተበችም ዶሮ ኃይል እስክታገኝ ድረስ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ያስፈልጋታል ፤ ስለዚህ የበዓሉ ገበያ ሳይደርስ መከተብ ይገባል።

ከፈንግል ሌላ የወፍ ጉንፋን የሚባል በሽታ አለ ፤ ይህስ ሰውን ሊገድል ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ወደ ናይጄሪያ ፥ ወደ ግብጽና ወደ ሱዳን በገባ ጊዜ በአገራችንም በአንድ እርባታ ዶሮዎች ስለ ሞቱ ሕዝቡ ፈራ ፤ ምርመራው ግን ያ በሽታ እንዳልሆነ አሳየ። የወፍ ጉንፋንን ብዙ ጊዜ የሚሸከመው ዳክዬ ነው ፤ እርሱ ጤነኛ መስሎ እየዋኘ ሌላውን ያስይዛል። ስለዚህ የፈረንሳይ መንግሥት ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በታላላቅ እርባታ ያሉ ዳክዬዎች ከ10 ቀን ዕድሜያቸው አንሥቶ እንዲከተቡ አዘዘ። ክትባቱ ከመጀመሩ ከሁለት ዓመት በፊት በዚያ አገር በሽታው የገባባቸው እርባታዎች ከ1,300 በላይ ነበሩ ፤ ክትባቱ በተጀመረበት ዓመት ግን 10 ብቻ ሆኑ። ይህን ሁሉ ክትባት ብቻውን አደረገው አይባልም ፤ ነገር ግን ብዙ ረዳ። ደግሞ የፈንግል ክትባት ከወፍ ጉንፋን እንደማያድን ልብ አድርጉ ፤ ለየበሽታው የየራሱ ክትባት አለውና።

እንግዲህ ልጆች ሆይ ፥ ይህን ለእናታችሁና ለአባታችሁ ንገሩ። ከገበያ የመጣችውን ዶሮ ከቤት ዶሮዎች ጋራ ወዲያው አትቀላቅሉ ፤ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ አኑሩአት። የሞተችውን በሜዳ አትጣሉ ፤ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩአት። ዶሮ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የታመመች ዶሮ ስታዩ ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ እንጂ ወደ ገበያ አትውሰዱ። የሰው ደግነት በገንዘቡ ብዛት አይታወቅም ፤ ማንም በማያየው ጊዜ ለማያውቀው ሰው በሚያደርገው ጥንቃቄ ይታወቃል።